አናጢው ኤርሳዶና የማትስቀው ልጁ

ኤርሳዶ ጂንካ የገባው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ መጋዙንና መላጊያውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ የሲሚንቶ ጭነት ላይ ተቀምጦ። አገሩ ሆሳዕና አካባቢ ነው። ሐሳቡ አንድ በጋ ሠርቶ መመለስ ነበር። ጊዜው ግን አዲስ መሥሪያ ቤት በየቀኑ የሚከፈትበት ጊዜ ስለነበር በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና ወንበር የሚሠራ ሰው አጥብቆ ይፈለጋል። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት አለፈው፤ ከተማዋም ለመደችው። በመሀሏ ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ከብት ይግጣል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረራል፣ ሲሄድ ተመልሶ ይገባል። ኤርሳዶ ከሜዳው ወረድ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ሥራውን ጀመረ።

ሰው ግን ኤርሳዶን በሥራው ብቻ አልነበረም የሚያውቀው። ሳቂታ ነው፤ ከመሳቅም ይልቅ ማሳቅ ይችልበታል። ፊቱ እንደ ፈለገ ይታዘዝለት ነበር። አንዱን ቅንድብ ሰቅሎ ሌላውን ይጥላል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ አፉን ያጣምማል፤ የወረዳውን ሹም፣ የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ፣ ዋጋ የሚከራከረውን ነጋዴ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በፊቱ ብቻ ያመጣቸዋል። አልጋ ሊያሠራ የገባ ሰው ሆዱን ይዞ ነበር የሚወጣው።

ጥሩዬንም ያገባት በዚሁ ነው። ጥሩዬ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ነበራት። ዝምተኛ ናት፤ በቀላሉ የማትስቅ ሴት ናት። ኤርሳዶ የተቀደደ ሱሪ ሊያሰፋ ሄዶ፣ ቅዳጁ የት ላይ እንደሆነ በአፉ መናገር አፍሮ በፊቱ ሊያስረዳት ሲሞክር፣ መርፌው ጣቷን እስኪወጋት ድረስ ሳቀች። "እኔ በሳቅ ደምቼ ነው ያገባሁት" ትል ነበር በኋላ።

በ1988 ተጋቡ። አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ አልሆነላቸውም፤ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወረደ። በ1993 ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን፣ ኤልዳና ተወለደች። ኤርሳዶ አልጋዋን ገና በሆድ ሳለች በዋንዛ እንጨት ሠርቶ ጨርሶ ነበር።

ሕፃኗ ጡት መያዝ አቃታት። ከንፈሯ አይገጥምም፤ ወተቱ በአፏ ግራና ቀኝ ይፈሳል። ጥሩዬ ወተቷን እያለበች በማንኪያ ጫፍ ጠብ ጠብ እያደረገች አሳደገቻት። ስትተኛ ደግሞ ዓይኗ አይከደንም፤ ነጩ እየታየ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ቀን ኤርሳዶ የሞተች መስሎት ጮኸ።

ሕፃን በሁለተኛው ወር ግድም ፈገግ ይላል። ኤርሳዶ ያን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ከሥራ እየተመለሰ፣ እጁ ላይ ያለውን ሙጫ ሳይታጠብ፣ አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ያለውን ሁሉ አወጣላት፤ ሹሙን፣ ሽማግሌውን፣ ነጋዴውን፣ ሣር የሚያኝከውን በሬ። ልጅቱ ፊት ለፊት ታየዋለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ አንዲት ክር አትንቀሳቀስም። ሦስተኛው ወር ገባ፣ ስድስተኛው ገባ። ዓመት ሙሉ ሞከረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማታ ገብቶ እጁን ታጠበና ወደ አልጋዋ ሳይሄድ ተቀመጠ።

ያልተደረገ ነገር የለም። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ "ክብደቷ ደህና ነው፤ አንዳንድ ልጅ ይዘገያል" ተባሉ። በጸሎት ቤት እጅ ተጫነባት። ጎረቤታቸው እትዬ ሮማነወርቅ፣ ወላጆቻቸው በድሮው ጊዜ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ ደግ ሴት፣ "ዓይን በልቷት ይሆናል፤ ጠበል ውሰዷት" ብለው መከሩ። የኤልዳና ፊት ግን እንዳለ ቆየ።

ከሁሉ ቀድማ ነገሩ የገባት ጥሩዬ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኤርሳዶን ከሥራው ጠራችው።

"ና እይ" አለችው። "ፊቷን ተወው፤ እግሯን እይ። እየሳቀች ነው።"

"ሕፃን ሁሉ እግሩን ያወራጫል።"

"እንዲህ አያወራጭም። ሲርባት ሌላ ነው፤ ስትፈራ ሌላ ነው። ስትስቅ አውራ ጣቷን ታቆማለች። ከጉሮሮዋም ትንሽ ድምፅ አለ፤ ጠጋ ብለህ ስማ።"

ኤርሳዶ ጠጋ ብሎ አየ። እሱ ያየው እግር ነው። ድምፁም እንደ ማንኛውም ሕፃን ድምፅ መሰለው። ሚስቱን ላለማስከፋት "እውነትሽን ነው" አላትና ወደ መላጊያው ተመለሰ።

ልጅቱ አፏን ስትፈታ ነገሩ ባሰ። ከንፈሯ ስለማይገጥም ከንፈር የሚፈልገው ፊደል ሁሉ ያመልጣታል። "እማዬ" ለማለት "እናዬ" ትላለች፤ "አባ" ማለት "አዳ" ይሆንባታል። ሰው አይገባውም። ጥሩዬ ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም፤ ቤት ውስጥ በልጅቱና በአባቷ መካከል እንደ አስተርጓሚ ሆነች። "ውሃ አምጣልኝ ነው የምትልህ።" "ያ የዛሬው ወንበር ያምራል ነው የምትልህ።" ኤርሳዶ "እሺ" ይላል፣ ለሚስቱ ነው የሚመልሰው።

ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ አይገባትም ብሎ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዓይኗ ወደ ጎን ስለማይዞርላት የሆነ ነገር ለማየት ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ ማዞር አለባት፤ ልጆቹ "ሐውልት" የሚል ስም አወጡላት። የፈተና ውጤት ሲመጣ ግን ከክፍሉ ሁለተኛ ሆነች። ጥሩዬ ካርዱን ግድግዳው ላይ በሚስማር መታችው።

ኤርሳዶ ክፉ አባት አልነበረም። ጫማ አላጎደለባትም፤ ለማጥኛ የምትሆን ትንሽ ጠረጴዛ ሠርቶላታል። ማታ ማታ የቀኑን ወሬ በፊቱ እያጫወተ ሲያመጣው ጥሩዬ ትስቃለች፤ እሱ ግን ሳይታወቀው ወደ ልጅቱ ያያል። ያ የማይነቃነቅ ፊት ትክ ብሎ ያየዋል። ወሬው አፉ ላይ ይቀዘቅዝበታል።

"ልጄ ትንቀኛለች" አላት አንድ ቀን ለሚስቱ።

ጥሩዬ የምትሰፋውን አስቀመጠች። "አንተ የምትፈልገው የሚያጨበጭብልህ ሰው ነው" አለችው። "እሷ ልጅህ ናት።"

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ጥሩዬ የሰፋቻቸውን ልብሶች ይዛ ወደ ቀይ አፈር ከተማ ገበያ ሄደች። ሐሙስ ሐሙስ የመሄድ ልማድ ነበራት፤ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ትመለሳለች። ያን ቀን የተሳፈረችበት አይሱዙ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ሦስት ሰው ሞተ። አንዷ ጥሩዬ ነበረች።

ሳጥኗን ኤርሳዶ ራሱ ሠራ። ሌላ አናጢ እንዲነካው አልፈቀደም። ሲልግ፣ ሲመታ፣ እንባው እንጨቱ ላይ እየወረደ እጁ ይንሸራተት ነበር። ፊቱ እንደ ልማዱ ሁሉን ተናገረለት፤ ያየው ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ።

ኤልዳና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ ስለማይከደን ከድሮም አቧራና ንፋስ ያስለቅሳት ነበር፤ መሐረብ ከእጇ አይለይም። አሁንም በመሐረቧ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ሲያያት የኖረው እንዲሁ ስለሆነ እንባዋን እንባ ብሎ የቆጠረላት የለም። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ፣ መዝሙሩ ከፍ ሲል፣ እሷ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ታያለች።

"ወይ ጉድ!" አሉ እትዬ ሮማነወርቅ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል ብለው። "እናቷ ሞታ ትንሽ እንኳን አይከፋትም? አንጀት የላትም እንዴ ይህች ልጅ?"

ኤርሳዶ ሰማ። የከፋውም ሌላ ሰው ስለተናገረው አልነበረም። እሱም በልቡ ይህንኑ ሲል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ኤርሳዶ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከቤት ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ መጣ። ለአንዲት ቅጽበት ጥሩዬ መሰለችው። ዘልሎ ገባ። ኤልዳና መኪናው ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ መርገጫው ላይ በቅጡ ሳይደርስላት፣ አረንጓዴ ጨርቅ እየሰፋች ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ጭንቅላቷን አዙራ አየችው። ያው ፊት ነው። የሆነ ነገር አለች፤ "እና" የሚል ሰማ፣ ሌላው አልገባውም።

"እናትሽ አፈሯ ሳይደርቅ መኪናዋ ላይ ትጫወቺያለሽ?"

ልጅቱ ቃሉን ደገመችለት፤ ፈጠን አድርጋ፣ እጇን ወደ ጨርቁ እየጠቆመች። ኤርሳዶ አሁንም አልገባውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲተረጉምለት የኖረ ጆሮ ነው። እጁን አንስቶ በጥፊ መታት። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ፤ ፊቷ ግን ሕመም እንኳን አላሳየም። ይህ ነው ያሳበደው።

"ድንጋይ!" አለ። "መሞት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ። እሷ አልነበረችም።"

ይህን ሲል የጥሩዬ ታናሽ እህት መስከረም በሩ ላይ ቆማ ነበር። መስከረም ካንጋተን፣ ኦሞ ወንዝ አጠገብ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ለእህቷ ለቅሶ ነበር የመጣችው። አልጮኸችም። ገብታ ልጅቱን ከወንበሩ አነሳቻት፣ ልብሷን በአንድ ዘንቢል ሰበሰበች።

"ልጅቱን ይዣት እሄዳለሁ" አለች።

ኤርሳዶ እምቢም አላለ፣ ሂጂም አላለ። በማግሥቱ ጠዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ኤርሳዶ ሥራውን ቀጠለ፤ ሳቁ ግን ጠፋ። ሰው "የሚስቱ ሐዘን ነው" አለው፤ እሱም እንዲያ ይበሉ ብሎ ተወው። ያለውን ቃል ያውቀዋል። ጠዋት ሲነሳ ትዝ ይለዋል፤ ቀጥሎ ፊቷ ትዝ ይለውና "ምንም አልተሰማትም እኮ" ብሎ ራሱን ያጽናናል። በዚህ ማጽናኛ ዓመታት አለፉ።

በ2008 ካንጋተን ውስጥ የቢሮ በሮች የሚገጥም አናጢ ተፈለገና ሄደ። መስከረም የምትሠራበት ግቢ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ሙቀቱ ሚስማሩን በእጅ የማያስይዝ በሆነበት ሰዓት፣ አንዲት ረጅም ልጅ ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች። ቁመቷ እንደ ጥሩዬ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል።

"ደህና ነሽ?" አላት።

"ደህና ነኝ።"

"ትምህርትስ?"

"ስምንተኛ ገብቻለሁ።"

ይህ ቀስ ብላ ስለተናገረችው ገባው። ለውሃው እጁን ዘረጋ። ጣሳውን ስትሰጠው ውሃው ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ቀና ብሎ ቢያያት ያው ፊት ነው። ተጸይፋኝ ነው፣ ሆን ብላ ነው አለ በልቡ። ውሃውን ጠጥቶ ጣሳውን መለሰላት። ሥራውን ሳይጨርስ፣ የቀረውን ለሌላ አናጢ ሰጥቶ፣ በማግሥቱ በጭነት መኪና ወደ ጂንካ ተመለሰ።

አራት ዓመት አለፈ። በ2012 ኅዳር ላይ ጂንካ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት አንድ ክፍል መደርደሪያ ይፈልግ ነበርና ኤርሳዶ ተጠራ። መደርደሪያው የሚሸከማቸው ዕቃዎች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ የፕላስቲክ አጥንት፣ የፕላስቲክ ልብ፣ አንድም የሰው ጭንቅላት። ጭንቅላቱ ግማሹ ቆዳ አለው፤ ግማሹ ቆዳው ተገፎ ከሥሩ ያለውን ቀይ ሥጋ ያሳያል፤ ሥጋው መሀል ቢጫ ክር ተዘርግቷል። ኤርሳዶ መብሻውን አስቀምጦ ቆሞ ያየው ጀመር።

መምህሩ፣ የአብሥራ የሚባል፣ ወጣትና ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። "ጋሽ ኤርሳዶ፣ አስፈራዎት እንዴ?" አለው።

"አይ። ይኼ ክር ምንድን ነው ብዬ ነው።"

"ነርቭ ነው። ቀዩ ጡንቻ ነው፤ ቢጫው የሚያዘው ነው።" የአብሥራ ጭንቅላቱን አንስቶ መስኮቱ ጋ ወሰደው። "የእጅና የእግር ጡንቻ አጥንትን ከአጥንት ነው የሚያያይዘው። የፊት ጡንቻ ግን አንዱ ጫፉ አጥንት ላይ ይሆንና ሌላው ጫፉ ቆዳው ላይ ነው የተሰፋው። ሲኮማተር ቆዳውን ይስበዋል። ይኼ ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ የአፍን ጥግ ወደ ላይ ይስባል፤ ፈገግታ እሱ ነው። ይኼ ዓይንን ይከባል፤ ከልባችን ስንስቅ እሱም አብሮ ይኮማተራል፤ ዓይን የሚከድነውም እሱ ነው። ይኼኛው የአፍን ጥግ ወደ ታች ይጎትታል፣ ሲከፋን። ከንፈር የሚያጋጥመው ይኸውልዎት።"

"ሁሉንም የሚያዘው ይኼ አንዱ ክር ነው?"

"አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ። እጅዎን ፊትዎ ላይ ያድርጉት እስቲ። መዳፍዎን ከጆሮ ሥር፣ ጣቶችዎን ዘርጋ አድርገው። አዎ። ከዚያ ይወጣና እንዲሁ እንደ ጣት ይከፋፈላል፤ አንዱ ወደ ግንባር፣ አንዱ ወደ ዓይን፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ከንፈር፣ ወደ አንገት።"

ኤርሳዶ እጁን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቆመ። "ክሩ ባይሠራስ?"

"ፊቱ ዝም ይላል።"

"ሰውዬውስ?"

"ሰውዬው ምን ይሆናል? ይስቃል፣ ያዝናል፣ ይናደዳል። ስሜቱ እንዳለ ነው። ፊቱ ነው ትእዛዝ ያልደረሰው።"

"ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?"

"በጣም ጥቂት ናቸው እንጂ አሉ። እኔ አላየሁም፤ ተምሬዋለሁ። በሁለቱም በኩል ነርቩ ሳይሠራ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ጡት መጥባት ያቅታቸዋል። ዓይናቸው ሳይከደን ይተኛሉ። ወደ ጎን ማየት ስለሚቸግራቸው ጭንቅላታቸውን ነው የሚያዞሩት። 'በ' እና 'መ' ማለት ያስቸግራቸዋል፣ ከንፈር ስለሚፈልግ። የሚያሳዝነው ሰው ደነዝ ያደርጋቸዋል፤ ወይ ልበ ደንዳና። ብዙዎቹ ግን አእምሯቸው እንደ ማንም ሰው ነው።"

"ሲመቱትስ?" አለ ኤርሳዶ። "ፊቱን ሲመቱት ያመዋል?"

የአብሥራ ጭንቅላቱን እንደያዘ ዞር ብሎ አየው። "የሚሰማው ነርቭ ሌላ ነው፤ እሱ ጤነኛ ነው። እንዴት አያመውም? ማን ነው የሚመታው?"

ኤርሳዶ ወለሉ ላይ፣ እንጨት ፍቅፋቂው መሀል ተቀመጠ። መምህሩ ያመመው መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ሲመለስ ኤርሳዶ ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ ጭኖ አገኘው። ያን ቀን መደርደሪያው አልተገጠመም።

በማግሥቱ ካንጋተን ገባ። መስከረም በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችው፤ ግባ አላለችውም።

"ምን ልትላት ነው የመጣኸው?"

"ይቅርታ ልጠይቃት ነው።"

"ከሰባት ዓመት በኋላ?"

"ከሰባት ዓመት በኋላ" አለ ኤርሳዶ። "በሽታ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፣ መስከረም።"

"እህቴም በሽታ መሆኑን አታውቅም ነበር" አለች መስከረም። "ልጇን ግን ታውቃት ነበር።" ቢሆንም ከበሩ ዞር አለችለት።

ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጠበቃት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሲናገር አላቋረጠችውም፤ የፕላስቲኩን ጭንቅላት፣ ክሩን፣ መምህሩ ያለውን ሁሉ ነገራት። ሲጨርስ፣

"አውቃለሁ" አለች። "ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ጎብኚ ሐኪም አይታኝ ነግራናለች።"

አሁን ንግግሯ ጠርቶ ነበር፤ ምላሷን ከላይኛው ጥርሷ ጋር እያጋጠመች ለከንፈር ፊደል የሚቀርብ ድምፅ ታወጣለች። አንዳንዴ ቃሉ እንዳይጠፋባት የታችኛውን ከንፈሯን በጣቷ ከፍ ታደርገዋለች።

"ያን ቀን ምን ነበር የምትሰፊው?" ሲል ጠየቃት።

"እማዬ ጀምራ የተወችውን ቀሚስ። ሐሙስ ጠዋት ግማሽ ላይ ነበር ትታው የሄደችው። የእሷ ክር ካቆመበት ልቀጥልላት ፈልጌ ነው። ነግሬህ ነበር እኮ፤ ሁለት ጊዜ።"

"አልገባኝም ነበር።"

"አዎ። አይገባህም ነበር።"

ኤርሳዶ አንገቱን ደፋ። "ታለቅሺ ነበር ያኔ?"

"አባ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ አላቋረጥኩም። መሐረቤን ሁለቴ ጨምቄዋለሁ።" ጭንቅላቷን ወደ ጫማው ዝቅ አደረገች። "እዚህ የመጣህ ጊዜም ውሃውን ጫማህ ላይ ያፈሰስኩት ደስ ብሎኝ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ልትወስደኝ የመጣህ መስሎኝ ልብሴን አጥፌ፣ ደብተሬን አሥሬ ነበር። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሄዷል አሉኝ።"

ኤርሳዶ አለቀሰ። ድምፁን አውጥቶ፣ ሰው ቢሰማም ሳያፍር አለቀሰ። ልጁ እያየችው ተቀመጠች። እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል ያው ፊት ነው ያለው፤ አሁንም ምንም አላወቀባትም። ያን ጊዜ ነው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቃት።

"አሁን ምን እየተሰማሽ ነው? ንገሪኝ።"

"ብዙ ነገር ነው" አለች። "አሳዝነኸኛል። ደግሞ ተናድጃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይቅር ያልኩህ ቆይቷል። ግን አብሬህ አልሄድም። ጥፊውን ረስቼዋለሁ። ያልከኝን ነው ያልረሳሁት። እዚያ ቤት ከገባሁ እሱን ነው የምሰማው።"

ኤርሳዶ ሦስት ቀን ቆየ። ሦስቱንም ቀን አብረው ምሳ በሉ፤ ማታ ማታ ስለ እናቷ ይጠይቃት ነበር፣ ሚስቱ ከልጁ ጋር ያሳለፈችውን ጊዜ ጨርሶ እንደማያውቀው እየገባው። በአራተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ።

ኤልዳና አርባ ምንጭ ሄዳ የመድኃኒት ሙያ ተማረች፤ አሁን ቱርሚ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ኤርሳዶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማት። ፊት በሌለበት ነው ልጁን ማወቅ የጀመረው፤ ሲደክማት ቃሏ እንደሚያጥር፣ ስትናደድ እንደምትዘገይ። አንድ እሑድ፣ አንድ በሬ የአውሮፕላን ሜዳ አጥር ላይ ተሰክቶ ስለዋለበት ጉድ ሲነግራት ከጉሮሮዋ ትንሽ ድምፅ ሰማ። ጥሩዬ ጠጋ ብለህ ስማ ያለችው ድምፅ ነበር። ኤርሳዶ ወሬውን መጨረስ አቃተው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ወባ ክፉኛ ጣለው። ኤልዳና ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ያን ቤት ከረገጠችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠችው፣ አጥሚት ሠራችለት፣ ትኩሳቱ ሲወጣ ጨርቅ እየነከረች ግንባሩ ላይ አደረገችለት።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ሮማነወርቅ በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። አርጅተዋል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። ተቀምጠው ኤርሳዶን አዩ፣ ከንፈር መጠጡ፣ ቀጥለውም ልጅቱን ትክ ብለው አዩና፣

"ልጄ፣ አባትሽ እንዲህ ተጎሳቁሎ ትንሽ እንኳን አይከፋሽም?" አሉ።

ኤርሳዶ በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። "እትዬ ሮማነወርቅ፣ ልጄ ከፍቷታል። ፊቷ አይታዘዝላትም እንጂ ከእኔም ከእርስዎም የበለጠ ታዝናለች። ፊቷን አይዩ፤ ራሷን ይጠይቋት።"

አሮጊቷ ደነገጡ። "እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አትቀየሙኝ" ብለው የኤልዳናን ትከሻ ዳበስ አደረጉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተነስተው ወጡ።

ኤልዳና ሳሕኑ ላይ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ስትጨምቅ ቆየች።

"ይህን ያኔ ብትለው ኖሮ" አለች፣ ቀና ሳትል። "እማዬ ሳጥን ውስጥ ሆና እሳቸው ይህንኑ ሲሉ ሰምቻቸው ነበር። የማየው አንተን ነበር። አንድ ነገር ይላል ብዬ ስጠብቅህ ነበር።"

ኤርሳዶ ትራሱ ላይ ተመልሶ ጋደም አለ።

"አውቃለሁ" አለ። "ያኔ ነበር ማለት የነበረብኝ።"

ጨርቁን ግንባሩ ላይ አደረገችለት፤ ጠርዙን አስተካከለችለት።

በአሥረኛው ቀን ፈቃዷ አለቀና ወደ ቱርሚ ተመለሰች። ኤርሳዶ እግሩ ስላልጠና እስከ መናኸሪያ ሊሸኛት አልቻለም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዳገቱን ስትወጣ አያት። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ መላ ሰውነቷን አዙራ አየችው። ሩቅ ነበረች፤ እሱም ምን እንደተሰማት ሊጠይቃት አልቻለም። እጁን አነሳላት። እሷም አነሳችና ታጠፈች።